ከአጥር በፊት የእግር መንገድ

ጫግኒ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። ከእንጅባራ ተነስቶ በጫግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ የሚወርደው መንገድ ግን ዛሬ ሰውን ከትልቅ ውሃ ያደርሳል። ጉባ ላይ አባይ ተገድቦ፣ ንጋት የሚል ስም የወጣለት ሐይቅ ወደ ኋላ ተኝቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ የተወራው ስለ 5,150 ሜጋ ዋቱ ነበር። ስለ ሐይቁ ዳር የተነገረው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለቱ በምናብ የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጡረታ የወጣ የጫግኒ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሌላዋ ወጣት የመንገድ መሐንዲስ። የሚከራከሩበት ጉዳይ አንድ ነው፦ በዚህ አዲስ ሐይቅ ዳር ዳር ማንም ሰው በእግሩ ቀናት ሊጓዝበት የሚችል የሕዝብ መንገድ ከወዲሁ ይከለል ወይስ አይከለል?

መሐንዲሷ፦ መምህር፣ የባሕር ዳር የእግር ጉዞ የሚባለው ነገር የሰው አገር ወግ ይመስለኛል። እኛ ወደብ ካጣን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖናል። መንገድ ሠሪ ደግሞ አስቀድሞ የሚጠይቀው ከየት ወዴት፣ ማንን ለማድረስ ብሎ ነው። ሐይቅ የሚዞር መንገድ የትም አያደርስም። የእኛ ሰው በእግሩ የሚሄደው መኪና ስላጣ ነው፤ ያጣውን መኪና መስጠት እየተገባን እግሩን እናወድስለት?

መምህሩ፦ ልጄ፣ ከቋንቋችን እንጀምር። በአማርኛ ባሕር ለመባል ውሃው ጨው እንዲኖረው ግድ አይደለም። ጣናን ባሕር ያለ ሰው ነው በዳሩ የተቆረቆረችውን ከተማ ባሕር ዳር ያላት፤ የጣና ዳር ገበሬም ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚለውን መሬት ባሕር ሸሽ ይለዋል። ስለዚህ ባሕር ዳርን በእግር መዞር ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርና ደሴቶቹን እየዞረ መዝግቧል፤ የአባይንም ሸለቆ አፋፍ አፋፉን በእግርና በበቅሎ ተከትሎ፣ በካርታ ላይ በግምት ተሥሎ የነበረውን የወንዙን መስመር አርሟል። ሥራውንም በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። መንገዱን ያሳዩት፣ ጓዙን ያጓዙት፣ መሻገሪያውን የነገሩት ግን የአገሩ ሰዎች ነበሩ። እሱ ሲመጣ መንገዱ በእነሱ እግር ተረግጦ ቆይቶታል።

እግርና ድህነት አንድ ናቸው ስላልሽው ደግሞ፣ ለገና ላሊበላን ለመሳለም ስንቁን ቋጥሮ ሳምንታት የሚጓዘውን ምእመን አስቢ። አውቶቡስ ባለበት ዘመንም በእግሩ የሚሄድ አለ፤ ድካሙን ከስለቱ ቆጥሮታልና። ወደ ግሽ አባይ የሚወጣውም እንዲሁ ነው። በእግር መሄድን የመረጠ ሰውና ሌላ ምርጫ ያጣ ሰው የተለያዩ መሆናቸውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ለሁለቱም የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ነው፦ የሚያልፉበት ቦታ። እኔ የምከራከረው ለዚያ ቦታ ነው። የውሃ ዳር ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የሚኖረው የማለፍ መብቱ ዳሩ ከመከፋፈሉ በፊት ከታወቀ ነው እላለሁ። ከተከፋፈለ በኋላ ማስመለሱ ትውልድ ይፈጃል።

መሐንዲሷ፦ ትውልድ ይፈጃል የሚለው ከባድ ቃል ነው። ምን ማስረጃ አለዎት?

መምህሩ፦ የዚህ ዓይነት መንገድ ስሙ የሚነሳው እንግሊዝ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከማይንሄድ ተነስቶ ፑል ወደብ አፍ ላይ የሚያበቃ 1,014 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳር የእግር መንገድ አለ። ለመዝናኛ ብሎ የቀየሰው ሰው የለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የጠረፍ ጠባቂዎች አረቄና ሻይ ያለ ቀረጥ የሚያስገቡ ኮንትሮባንዲስቶችን ለመያዝ ዳር ዳሩን ይመላለሱ ነበር። እያንዳንዱን የባሕር ሰርጥ ቁልቁል ማየት ነበረባቸውና መንገዳቸው ከገደሉ አፋፍ አይርቅም። በ1913 እ.ኤ.አ. ጥበቃው ቀረ፤ መንገዱም ባለቤት አጣ። አንዳንዱ ክፍል ቁጥቋጦ ዋጠው፣ አንዳንዱ በአጥር ውስጥ ገባ፣ አንዳንዱ ቤት ተሠራበት። በ1949 እ.ኤ.አ. ረጅም የእግር መንገዶች እንዲከበሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከዚያ ሕግ ወዲህ ቁርጥራጩን እያገናኙ ይህን አንዱን መንገድ ለመጨረስ እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ቆዩ። 29 ዓመት ማለት ነው። ዌልስ 1,400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የባሕሯን ዳር በሙሉ በእግር የሚያስኬድ መንገድ የከፈተችው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዝ ራሷ ዳሯን ሁሉ ለመክፈት በ2009 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ፣ በ2020 እጨርሳለሁ ካለች በኋላ ቀኑ አለፈባት። ከዘገየችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ባለይዞታ ስላለው፣ ከእያንዳንዱ ጋር መነጋገር፣ ተቃውሞውን መስማት፣ መፍረድ አስፈለገ። የአንድ መንገድ መስመር መጀመሪያ ላይ በአንድ ቀን ውሳኔ ሊከበር ይችል ነበር። በኋላ ግን በሺህ ድርድር ተመለሰ፤ የተመለሰውም ሁሉም አይደለም።

ስዊድኖች ሌላውን መንገድ መረጡ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባሕርና በሐይቅ ዳር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይገነባ መከልከል ጀመሩ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ክልከላው፣ ባጠቃላይ ከውሃው 100 ሜትር ድረስ፣ በአገሩ ሁሉ ጸና። ሕጉ የወጣው ገና ብዙው ዳር ሳይያዝ ነው። ዛሬ እዚያ ሰው ውሃ ዳር ልሂድ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የማንንም በር አያንኳኳም።

መሐንዲሷ፦ የእነሱ መሬት የግል ነው መምህር። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። የሕዝብ በሆነ መሬት ላይ ለሕዝብ የማለፍ መብት ይሰጥ ማለት ለባለቤቱ የራሱን ንብረት መልሶ እንደመስጠት አይሆንም? የእንግሊዝ ችግር እኛ ጋ ከሥሩ የለም ብዬ ብከራከርስ?

መምህሩ፦ ይህ ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ባለቤትነትና መተላለፊያ ሁለት ነገሮች ናቸው። መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ሳለ የመጠቀም መብቱ በሊዝ ለአንድ ድርጅት ሲሰጥ፣ ባለ ሊዙ ያጥራል፤ ሲያጥር ደግሞ ሕግ አልጣሰም፤ እለፉ ብሎ እንዲከፍት የሚያስገድድ ቃል ውሉ ውስጥ አልተጻፈበትምና። ማስረጃው አገራችን ውስጥ አለ። ቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆች አሏት። እንደ ባቦጋያ ባሉት ዳር ዳር ሎጆችና መዝናኛዎች ተሰልፈዋል፤ ብዙው ሰው ውሃውን ለማየት የአንዱን በር መግባትና መክፈል ይኖርበታል። እዚያው ከተማ ባለው ሆራ አርሰዲ ግን በየዓመቱ ኢሬቻ ሲከበር ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ከውሃው ይደርሳል። የመሬት ሕጉ ለሁለቱም ያው አንድ ነው። ልዩነቱ ሆራ አርሰዲ ላይ የሕዝቡ የመድረስ መብት አጥር ከመምጣቱ በፊት በሥርዓት የታወቀ መሆኑ ነው። ሰው ወደዚያ ውሃ እርጥብ ሣር ይዞ የሚወርደው ማንንም አስፈቅዶ አይደለም። ማንም ባለሥልጣን ያንን ዳር ለአንድ ሰው ልስጥ ብሎ በቀላሉ አይነሳም።

ወደ ጣና ተመለሺ። ዘጌ ላይ የገዳማቱ ሥርዓት ምድሪቱ በበሬ እንዳትታረስ፣ ከብትም እንዳይረባባት ይከለክላል፤ ትውፊቱ ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። በዚህ የተነሳ ዘጌ እስከ ዛሬ የቡናና የአገር በቀል ዛፍ ደን ናት፤ ከገዳም ገዳም የሚያደርሰው ቀጭን የእግር መንገድም ጥላ ውስጥ ይሄዳል። ሥርዓት ያልተበጀለትን የሐይቁን ዳር ደግሞ እይው። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሰፊ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ከፍታው በትንሹ ሲወርድ ዳሩ ሩቅ ይሸሻል። ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያው ከተሠራ ወዲህ፣ በ2002ም ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ የሚያሻግረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የዳሩ መዋዠቅ የሰው እጅ ያለበት ሆኗል። ባሕር ሸሹን ገበሬ ይከተለዋል፣ ደንገሉ ይመነጠራል፣ ከተማው አጠገብ ደግሞ ግንባታው ይመጣል። ከሁሉ በላይ የተጎዱት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ኑሯቸው ደንገል ቆርጦ ታንኳ መሥራት፣ ሰፌድ መስፋት፣ ዓሣ ማውጣት ነበር። ለዚህ ሁሉ ወደ ውሃው የሚወስድ ቦታ ያስፈልጋል። ከተማዋ ስትሰፋ ከዳሩ ወደ ኋላ ተገፉ። የመሬቱ ሕዝባዊነት አልጠበቃቸውም፤ የመተላለፊያ መብታቸውን ማንም አልጻፈውምና።

መሐንዲሷ፦ እሺ፣ ይህን ልቀበል። አሁን ግን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ንጋት የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ተርባይኖቹ ሊሠሩበት የሚችሉበት ዝቅተኛው ከፍታ ግን 590 ነው። በየዓመቱ ያን ያህል ባይወርድም፣ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። ለጥ ባለው ቆላ አንድ ሁለት ሜትር ሲጎድል ዳሩ ምን ያህል እንደሚርቅ አሁን ስለ ጣና እርስዎ ነገሩኝ። የቱ ነው ዳሩ? በሚሸሽ ዳር ላይ መንገድ አይቀየስም።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀው የእንግሊዙ ሕግ ለዚህ ያበጀውን መላ ነው። የእነሱ ባሕር ገደሉን እየናደ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የ2009ኙ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ታዲያ ዳሩ ሲናድ መንገዱም አብሮ ወደ ኋላ እንዲፈገፍግ ፈቀደ። መብቱን ከካርታው ነጥብ አላቅቀው ከራሱ ከዳሩ ጋር አሰሩት።

መሐንዲሷ፦ እንግዲያው የእኛ ከእነሱ ይቀላል። የእነሱ ባሕር ነገ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ የእኛ ሐይቅ ከፍተኛው ወለል በግድቡ ቁመት ተወስኗል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ እስከ 246 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይተኛል፤ ከ640ው በላይ ለጎርፍ የሚሆን መጠባበቂያ ከፍታ ተሰልቶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን መስመር በካርታ ላይ ማስመር ቀያሽ የሚሠራው ሥራ ነው። መንገዱ በሞላው መስመር ላይ ይሄዳል፤ ከመስመሩ በታች ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ለዓሣ አስጋሪውና ለከብት ማጠጫ ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ይህን ተቃውሞዬን አነሳሁ። የሚቀጥለውን ግን አላነሳም። ያ አገር ሙቀቱ ይታወቃል፤ ወባ አለ፤ የቆላ ዝንብ ገንዲ እያስያዘ በሬና በቅሎ ይፈጃል። የሰላሙም ነገር አለ። በ2013 ከመተከል ግጭት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጫግኒ ራንች መጠለያ ገብተው ነበር። ያን ጊዜ በዚህ መንገድ በእግራቸው የመጡት ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ነበር የሚሄዱት። በዚያው መንገድ ላይ ስለ ተጓዥ ደስታ ማውራት ይከብደኛል።

መምህሩ፦ ይክበድሽ፤ እኔንም ይከብደኛል። ስለ ሙቀቱና ስለ ወባው የምለው አጭር ነው፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ መሄድ ይቻላል፤ አጎበርና መድኃኒት ይያዛል። ስለ ሰላሙ ግን ማንም ሰው ነገ ተነስቶ ይሂድ አልልም። እኔ የምጠይቀው መስመሩ እንዲከበር ነው። ተጓዡ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ዳሩ ግን አሥር ዓመት አይጠብቅም። ግጭት ባለበት ቦታ መሬት በጸጥታ፣ ማንም ሳያይ እንደሚያዝ አንቺም ታውቂያለሽ። ሰላም ሲመጣ መብት ይከበራል ብለን ከተቀመጥን፣ ሰላም ሲመጣ የሚጠብቀን አጥር ነው። እነዚያ የተፈናቀሉ ሰዎችም ወደ ቀያቸው በሰላም የመመለስ መብት ያላቸው፣ ከሁሉ አስቀድሞ መንገድ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው።

መሐንዲሷ፦ ከዚህ የሚከብድ አለኝ። መንገድ ለሁሉም ሰው በጎ አይደለም። ጎጃም የሲራራ ነጋዴ አገር ነበረች፤ ከባሶ ገበያ ተነስቶ በጎንደር በኩል ምጽዋ የሚወርደው የእግር መንገድ ቡናና ወርቅ፣ ዝባድም ያልፍበት ነበር። ያልፍበት የነበረው ግን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በሰንሰለት የታሰረ ሰውም ነበር። ጉሙዞች ከደጋ በሚወርድ ሰው ለባርነት ሲታደኑ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ለደገኛው የጉዞና የንግድ ትዝታ የሆነው ቀጭን መንገድ ለእነሱ የአፋኙ መምጫ ነበር። ግድቡ ሲሠራ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉሙዞች የወንዝ ዳር መንደራቸውን ለውሃው ለቀዋል። አሁን ጫግኒ ላይ ተቀምጠን በሐይቁ ዳር ለእንግዳ መንገድ ይከበር ብንል፣ ከወሰድነው ላይ መጨመራችን አይደለም?

መምህሩ፦ ነው፤ መንገዱን እኛ ካሰመርነው ነው። ይህን ስታነሺ ሐሳቤን ታርሚልኛለሽ። መብቱ ለተጓዥ ከመሰጠቱ በፊት ለነባሩ ሰው መሰጠት አለበት፦ ወደ ውሃው መውረድ፣ ዓሣ ማውጣት፣ ከብት ማጠጣት፣ የቀብርና የአምልኮ ቦታን መድረስ። የተጓዡ ማለፍ በዚህ ላይ የሚጫን ትንሽ ነገር ይሁን። መስመሩንም ከውሃው በላይ ያለውን መሬት የሚያውቁት ጉሙዞችና ሺናሻዎች፣ አገውና ሌሎችም ነዋሪዎች ራሳቸው በየቀበሌያቸው ያመልክቱ፤ በዚህ አይለፍ የሚሉት ቦታ ካለ መንገዱ ይጠምዘዝ። እንዲህ ከሆነ የእግር መንገዱ ለእነሱ መከላከያ ይሆናቸዋል ብዬ አምናለሁ። ነገ ባለ ብዙ ሔክታር ባለሀብት ከውሃው ጫፍ ድረስ ካርታ ይዞ ሲመጣ፣ ዓሣ አስጋሪው ይህ የሕዝብ መተላለፊያ ነው የሚልበት የተጻፈ ነገር ይኖረዋል። ወይጦዎች ያጡት ይህን ነበር።

መሐንዲሷ፦ ባለሀብቱንም እንደ ጠላት ባናየው። ያ አካባቢ ሥራ ይፈልጋል። ሎጅ ቢሠራ ወጣቱ ይቀጠራል። 50 ወይም 100 ሜትር ዳር ከከለከሉ ማን ይመጣል?

መምህሩ፦ ከመስመሩ ወደ ኋላ ይሥራ፤ ውሃው ከዚያም ይታያል። የሚጠቅመውን በተመለከተ፣ ሰሜን ወሎ መቄት ላይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአምባው አፋፍ በእግር የሚጓዙ እንግዶችን መንደሮች ራሳቸው ተቀብለው ሲያሳድሩ ቆይተዋል። ጎጆውን ማኅበረሰቡ ይሠራል፣ አህያውን ያከራያል፣ ምግቡን ያቀርባል። በእግር የሚሄድ እንግዳ በየ15 እና 20 ኪሎ ሜትሩ ማደር ስላለበት ገንዘቡን በየመንደሩ ይተዋል፤ በመኪና የመጣው አንድ ቦታ ከፍሎ ይመለሳል። አንድ ሎጅ አንድ መንደር ይቀጥራል፤ ረጅም መንገድ ግን በመንደር ብዛት ይከፍላል። ከእንጅባራ አስፋልት ዳር ዘንገና ሐይቅን ለአፍታ ቆሞ የሚያይ መንገደኛ ምን ያህል ለአካባቢው እንደሚተው ባለ ሻይ ቤቷን ጠይቂ፤ አንድ ሌሊት ቢያድር ምን እንደሚለወጥም ትነግርሻለች።

መሐንዲሷ፦ እንግዲያው እኔ የምቀበለው በሦስት ነገር ነው። መስመሩ ከሙሉው ከፍታ በላይ ይሁን። የነዋሪው መብት ከተጓዡ ይቅደም፣ ያውም በጽሑፍ። ለማንም የሚሰጥ የሊዝ ውል ሁሉ የመተላለፊያውን ግዴታ ውስጡ ይያዝ። ድልድይና ምልክት፣ ማረፊያ ቤትና ካርታ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እውነት ለመናገር፣ መስመሩን ማክበር አስፋልት ከመሥራት ያነሰ ወጪ ነው ያለው። ግን ጫግኒን ምን አገባት? ሐይቁ በሌላ ክልል ነው።

መምህሩ፦ በቀድሞው አስተዳደር የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ጫግኒ ነበረች። ክልሉ ቢለይም ገበያውና ዘመዱ አልተለየም፤ ውሃውም እንዲሁ። ከእኛ አጠገብ የሚወርደው ዱራ አባይ ይገባል። የጣና ውሃ ደግሞ በሁለት መንገድ ይጓዛል፤ አንደኛው በአባይ ሸለቆ ዞሮ፣ ሌላው በዋሻው በኩል በበለስ አድርጎ፤ ሁለቱ ንጋት ላይ ይገናኛሉ። ወደዚያ የሚወርድ ሰው ጫግኒ ላይ ስንቁን ይሸምታል። ውሳኔው ግን የእኛ አይደለም፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ምክር ቤትና የፌዴራል መንግሥት ነው። እኛ የምንችለው መጠየቅ ነው። እንግዲህ በሐይቁ ዳር የመጀመሪያዎቹ የይዞታ ካርታዎች ከመታተማቸው በፊት፣ ከ640 ሜትሩ በላይ ያለው የሕዝብ መተላለፊያ በአዋጅ ይከበር፤ ነዋሪው ተጠይቆ መስመሩ ይሰመር። ይህን ጥያቄ የጫግኒ ሰው ከመተከል ወንድሞቹ ጋር ሆኖ ዘንድሮ ያቅርብ።